የቆጋ ትርፍ ውሃ፣ ዩሪያው እና ልትቆፍሩት ያሰባችሁት ኩሬ

ጥያቄው፦ «ሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ ቆጋ መስኖ ላይ የምናለማ 14 ወጣቶች ነን። ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት እናመርታለን። የእኛም የጎረቤቶቻችንም ማሳ ተደምሮ 8 ሄክታር ይሆናል። ትርፉ ውሃ በአንድ የማጠንፈፊያ ቦይ ተሰብስቦ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዩሪያችን በዚህ ውሃ ታጥቦ ጣና ይገባና እምቦጩን ያፋፋዋል ሲባል ሰማን። ከቦዩ ጫፍ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ኩሬ ቆፍራችሁ እምቦጭ አምጥታችሁ ብትጥሉበት ዩሪያውን ይመጠዋል ያሉን አሉ። ስንት በስንት እንቆፍር? ውሃው ከተጣራ በኋላ ለከብትና ለቤት ይሆናል? እምቦጩን ኮምፖስት ብናደርገውስ ማዳበሪያችንን መልሰን እናገኘዋለን?»

እምቦጩ ይቅር። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። እምቦጭ ናይትሮጅንን፣ ማለትም የዩሪያውን ዋና ንጥረ ነገር፣ መምጠጡ እውነት ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚያድግ ተክል ሁሉ ይመጥጣል። ነገር ግን ይህ አረም አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጣና ላይ የታየው በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዳር ላይ ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ምን እንዳዩ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከአንዲት ቁራጭ ራሱን ያባዛል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የእናንተ ቦይ ቆጋ ይገባል፣ ቆጋ ግልገል ዓባይ ይገባል፣ ግልገል ዓባይ ደግሞ ጣና ነው የሚገባው። አንድ የሐምሌ ጎርፍ ኩሬያችሁን ከጣሰው መንገዱን ሁሉ ዘራችሁበት ማለት ነው። ጣናን ለማዳን ተነስታችሁ እምቦጭን በእጃችሁ እንዳትልኩለት።

ቀጥሎ ያለው የተሳሳተ ሐሳብ ይበልጥ የተስፋፋ ነው። ቦዩ ውስጥ የሚወርደው ዩሪያ ነው ብላችኋል። አይደለም። ዩሪያ እርጥብ አፈር ላይ ካረፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። አሞኒየምን የአፈር ባክቴሪያዎች በሳምንታት ውስጥ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። አሞኒየም የሸክላ አፈር ላይ ይጣበቃል፤ ብዙም አይሄድም። ናይትሬት ግን አፈሩ አይዘውም። ውሃ በሄደበት ይሄዳል። ስለዚህ በበጋ በማጠንፈፊያ ቦያችሁ የሚወርደው በአመዛኙ ናይትሬት ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ በምላስም አይታወቅም። ኩልል ያለ ውሃ ናይትሬት ሞልቶት ሊሆን ይችላል።

ናይትሬትን ከውሃ ውስጥ የሚያወጣው ዋናው ሠራተኛ ደግሞ ተክሉ አይደለም። ጭቃው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ውሃ የተኛበት ጭቃ ከላዩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወረድ ሲባል ኦክስጅን የለውም። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ሲበሉ መተንፈሻ ያጣሉ። ስለዚህ በኦክስጅን ፋንታ የናይትሬቱን ይጠቀማሉ። ናይትሬቱም ፈርሶ ተራ የናይትሮጅን ጋዝ ይሆናል። ይህ ጋዝ አየር ላይ ካለው 78 በመቶ ጋር ይቀላቀላል። ሳይንሱ ሂደቱን ዲናይትሪፊኬሽን ይለዋል። ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ኦክስጅን የሌለው ጭቃ፣ ለባክቴሪያው ምግብ የሚሆን የበሰበሰ ተክል፣ እና ውሃው ከጭቃው ጋር የሚቆይበት ጊዜ።

ተክሉ ታዲያ ለምን ያስፈልጋል? አንድ ቀን የድሮ ረግረግ ያለበት ሄዳችሁ አንድ ፊላ፣ ያን ረጅሙን የረግረግ ሣር፣ ከነሥሩ ንቀሉ። ጭቃው ጥቁር ግራጫ ነው። ሥሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ዙሪያውን እንደ ዝገት ያለ ቀይ ሽፋን አለው። ፊላው ከቅጠሉ አየር ወደ ታች ያወርዳል፣ ከሥሩም ጥቂት ያፈሳል። ያቺ አየር የአፈሩን ብረት ታዝገዋለች። በቀይዋ ቀለበት አካባቢ አሞኒየም ወደ ናይትሬት ይለወጣል፤ ከቀለበቷ ወጣ ብሎ በጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ናይትሬቱ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ሁለቱ ሥራ በጣት ስፋት ውስጥ ጎን ለጎን ይካሄዳል። እኔ ይህን ነገር ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። ከዚህ ሌላ ግንዱና የሞተው ቅጠል የባክቴሪያው ቤትም ምግብም ነው። ተክሉ ራሱ መጥጦ የሚይዘው ናይትሮጅንም አለ፣ ግን ካልታጨደ ቅጠሉ ሲበሰብስ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ አንድ ሜትር ተኩል ኩሬ ለምን እንደማይሆን ገባችሁ። ሥራው ያለው ከጭቃው ላይ ነው። ውሃው ጠልቆ ከተኛ አብዛኛው ከጭቃው ጋር ሳይነካካ ያልፋል። ፊላም ሆነ ቄጠማ በዚያ ጥልቀት ሥር አይሰድም። ኩሬው አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ አልጌ ብቻ ያበቅላል። ልጅም ይሰምጥበታል። ለእናንተ የሚሆነው ኩሬ ሳይሆን ፊላ የተተከለበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ነው። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከጉልበት በታች። ስፋቱ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

የቅርጽ ነገርም አለ። ከዓመታት በፊት አንድ የተሠራ ረግረግ እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ለዓይን ያማረ ነበር፤ ተክሉም ለምልሟል። ግን መግቢያውና መውጫው በአንድ በኩል፣ አጠገብ ለአጠገብ ነበሩ። እፍኝ ጭድ መግቢያው ላይ በተንኩና ሰዓት ያዝኩ። 11 ደቂቃ ሳይሞላ መውጫው ላይ ደረሰ። ያ ረግረግ በወረቀት ላይ ውሃውን ለአራት ቀን ይይዛል የተባለ ነው። ውሃው አቋርጦ ይሄድ ነበር፤ የቀረው ስፋት ሁሉ ባዶ ተኝቷል። የተደከመበት ጉልበት አሳዘነኝ። እናንተ ይህን ስህተት አትድገሙት። ውሃው በአንዱ ጫፍ በሙሉ ወርዱ ተበትኖ ይግባ፣ በሌላው ጫፍ ይውጣ።

አሁን ስንት በስንት ወደሚለው ልምጣ። ከማሳው ስፋት ሳይሆን ከቦዩ ውሃ ነው የሚነሳው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንገቱን ቆርጣችሁ ቦዩ ከሚፈስበት ስር ያዙት፤ በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩ። በ20 ሰከንድ ከሞላ ውሃችሁ በሰከንድ 1 ሊትር ነው። በቀን 86,400 ሊትር ማለት ነው፣ ወይም 86 ሜትር ኪዩብ ገደማ። ለዚህ መጠን፣ ናይትሬቱን በግማሽ ለመቀነስ ውሃው 20 ዲግሪ ሲሆን ሂሳቡ ከ700 ካሬ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ግን የታኅሣሥና የጥር ሌሊት በእናንተ አካባቢ ይበርዳል። ውሃው 16 ዲግሪ ሲወርድ ባክቴሪያው ይደክማል፣ ያው ሥራ 1,000 ካሬ ይጠይቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሊትር በሰከንድ 1,000 ካሬ ሜትር ያዙ። ግማሽ ቃዳ አይሞላም። 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛበት፣ ተክሉ የሚይዘው ቦታ ሲቀነስ ውሃው ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ይህ በቂ ነው።

ሁለት እጥፍ ብትሠሩት ሁለት እጥፍ አይሠራም። ሁለተኛው 1,000 ካሬ የሚያነሳው ከተረፈው ግማሽ ላይ ግማሹን ነው። ሁሉንም ናይትሬት ላጠፋ የሚል ሰው መሬቱን በሙሉ ረግረግ ማድረግ አለበት። በግማሽ ረክታችሁ መሬቱን ለሰብል ማዋል ይሻላል።

ቦታ ስትመርጡ አፈሩን እዩ። ይህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። የሜጫ ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፤ ለሰብል መልካም የሆነውም ለዚህ ነው። ቀይ አፈር ላይ የተቆፈረ ረግረግ ግን ያፈሳል። ውሃው ከመውጫው በፊት ወደ ታች ይሰርግና ናይትሬቱን ይዞ የከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፤ የሰው የእጅ ጉድጓድ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ከሥር ዋልካ ያለበትን፣ ዝቅ ያለውን ቦታ ፈልጉ። ለመሞከር የጉልበት ያህል ጉድጓድ ቆፍሩ። ማታ ውሃ ሙሉበትና ይምጠጥ። በነጋታው ማታ እንደገና ሙሉት፣ እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከወረደ መሬቱ ይይዛል። ባዶውን ካገኛችሁት ሌላ ቦታ ሂዱ፣ ወይም ዋልካ አምጥታችሁ ወለሉ ላይ ከጣት እስከ ክርን በሚሆን ውፍረት አልብሱትና እርጥብ ሳለ በበሬ አስረግጡት። አውድማ ላይ እንደምታደርጉት።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ለ1,000 ካሬ ሁለት ክፍል ሥሩ፤ እያንዳንዱ 25 ሜትር በ20 ሜትር ሆኖ አንዱ ከሌላው በታች ይሁን። በመካከል ያለው ግድብ፣ አንዱ ክፍል ውሃው ቢያቋርጠው ሁለተኛው እንዲያስተካክለው ነው። ወለሉ ጠፍጣፋ ይሁን፤ በላስቲክ ቱቦ ውሃ ልክ ለኩት። አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ካለው ውሃው ዝቅታውን ይዞ ይሄዳል፣ ከፍታው ላይ ሣር ይበቅላል። ከመግቢያው በፊት አንድ ሜትር የሚጠልቅ ትንሽ የደለል ጉድጓድ አስቀድሙ፤ አፈሩ እዚያ ይቀመጣል። መውጫው ላይ የፕላስቲክ ቱቦ በኤልቦ (በማጠፊያ መገጣጠሚያ) አድርጉ። ኤልቦውን ሲያዘነብሉት ውሃው ይወርዳል፣ ሲያቆሙት ይነሳል። ይህ ነገር ርካሽ ነው፤ ግን የውሃውን ከፍታ በእጃችሁ ያደርገዋል።

ለተክል ፊላን እመርጣለሁ። ደንገልም ይሠራል፣ ያምራልም፤ የጣና ሰው ታንኳውን የሚሠራበት ነው። ነገር ግን ደንገል ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይሻል። የእናንተ መስኖ ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው፤ መስኖው ቆሞ ክረምቱ እስኪጠና ረግረጉ የሚደርቅበት ሳምንታት ይኖራሉ። ፊላ ያን ይችላል። ሥሩን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ግንድ ይዞ ቁረጡ፣ በካሬ ሁለት ሦስት አድርጋችሁ በሰኔ መግቢያ ትከሉ። መጀመሪያ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አታስተኙበት። ቡቃያው ሲረዝም ውሃውን በትንሽ በትንሹ ከፍ አድርጉ። የተቆረጠው ግንድ ጫፍ ውሃ ከገባበት ተክሉ ታፍኖ ይሞታል። ስታጭዱም እንዲሁ ከውሃው በላይ ቁረጡ። ዳር ዳሩን ቄጠማ ብታደርጉበት ለበዓልና ለቡና መጎዝጎዣ ገበያ አለው። አንድ ጥንቃቄ፦ የፊላው ራስ ጥጥ ሆኖ ሳይበተን ቁረጡት። ዘሩ በነፋስ ይሄዳል፣ የመስኖ ቦይ ይደፍናል፤ ያኔ ከውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ጋር ትጣላላችሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አትጠብቁ። አዲስ ወለል ላይ የበሰበሰ ነገር የለም፤ ባክቴሪያው የሚበላው ያጣል። የበቆሎ አገዳ ከተረፋችሁ ከትክታችሁ በትኑበት። የጤፍ ጭዱን ግን ለከብቶቻችሁ ተዉት። ምግቡ ሲያንስ ሌላም ችግር አለ። ናይትሬቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሆናል፤ የአየር ንብረቱን የሚያሞቅ ነው። ሁለተኛው በጋ ላይ ሥራው ይስተካከላል።

ክረምቱን ግን ይህ ረግረግ አይችለውም። በደንብ ስሙኝ። 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ጠንካራ ዝናብ፣ ከ100 እጁ 30ው እንኳ ቢጎርፍ፣ ከ8 ሄክታር 720 ሜትር ኪዩብ ውሃ ያወርዳል። ረግረጋችሁ የሚይዘው ከ300 አይበልጥም። በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚመጣ ጎርፍ ጭቃውን፣ ፊላውን፣ ግድቡን ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ከደለል ጉድጓዱ በፊት ጎርፉን ወደ ጎን የሚያሳልፍ ቦይ የግድ ነው። በሰኔ መግቢያውን ዝጉት፤ የዝናቡ ውሃ ብቻ ፊላውን ያጠጣዋል። የሚያሳዝነው ነገር፣ በመጀመሪያዎቹ የሰኔ ዝናቦች የሚወርደው ውሃ በጋውን አፈር ውስጥ የተጠራቀመውን ናይትሬት ይዞ ነው። ማሳውም ተደጋግሞ ታርሶ ራቁቱን ነው። አፈሩም ፎስፈረሱም አብሮ ይሄዳል። ያንን የሚያስቆመው እርከን፣ የሣር ንጣፍና የወንዝ ዳርን አለማረስ ነው። ረግረጉ የበጋ መሣሪያ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቋረጥ ለሚወርድ የመስኖ ትርፍ።

ለቤት ይሆናል ወይ ላላችሁት፣ አይሆንም። ረግረግ ናይትሬት ይቀንሳል እንጂ ውሃ አያጸዳም። ሽንኩርቱ ላይ የረጫችሁት ፀረ ተባይ፣ ከማሳው የታጠበ እበት፣ በረግረጉ የሚኖር አውሬ የሚጥለው ሁሉ ውሃው ውስጥ አለ። ናይትሬቱም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ ስድስት ወር ያልሞላቸውን ሕፃናት ይጎዳል፤ ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈራቸው ይጠቁራል። ብዙ እናቶች ውሃውን ካፈላሁት ምን ይሆናል ይላሉ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ይከማቻል። ክሎሪንም አይነካውም። ማሳ አጠገብ የተቆፈረ የእጅ ጉድጓድ ካላችሁ እሱን አስመርምሩ፤ ከረግረጉ በላይ እሱ ያሳስበኛል።

ከብትም አይግባበት። ግድቡን ይረግጡታል፣ ፊላውን ይግጡታል። ከዚያ የከፋው የጉበት ትል ነው። ትሉ በቀንድ አውጣ በኩል ነው ወደ እርጥብ ሣር የሚመጣው፤ አልቅትም አለ። በእሾህ አጥሩት። የታጨደውን ፊላ ለበረት ጉዝጓዝ አድርጉት፣ ከእበት ጋር ኮምፖስት ይሆናል። ከማድለቢያ በረት የሚወርድ ውሃ ካለም ወደዚህ ረግረግ አታምጡት። የበረት ውሃ ናይትሮጅኑ በአሞኒየም መልክ ነው፣ ብዙ ኦክስጅን ይጨርሳል፤ አሞኒየሙ ወደ ናይትሬት የሚለወጥበት አየር ያጣል፣ ጭቃው ይገማል፣ ሥራው ይቆማል። እበቱን ደረቅ አድርጋችሁ ማሳ ላይ አውሉት።

የጤና ጉዳይ ቀላል አይደለም። አካባቢያችሁ ወባ አለበት። የወባ ትንኝ የሚወደው ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ተክል የሌለበትን ጥልቀት የለሽ ውሃ ነው፦ የከብት ኮቴ፣ የሚያፈስ ቦይ ዳር፣ ያልተደለደለ ጥግ። የረግረጉን ዳር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ተክሉ ክፍት ቦታ አይተውለት። ከመኖሪያ ቤት የቻላችሁትን ያህል አርቁት። ቢልሃርዚያም አለ። ቀንድ አውጣው በእንዲህ ያለ ውሃ ይኖራል። ልጆች አይንቦጫረቁበት። እናንተም ስታጭዱ ቦቲ ጫማ አድርጉ።

የመጨረሻው ጥያቄያችሁ ማዳበሪያችንን መልሰን እናገኛለን ወይ የሚል ነው። ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ብትቆዩ ደስ ይለኛል። ቁጥሩን እንሥራው። የቦያችሁ ውሃ በሰከንድ 1 ሊትር ይሁን፣ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይያዝ። በቀን 860 ግራም ገደማ ይወርዳል። ረግረጉ ግማሹን ቢያነሳ 430 ግራም ነው። በ120 የመስኖ ቀን 52 ኪሎ ናይትሮጅን ይሆናል። ዩሪያ ከ100 እጁ 46ቱ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ይህ ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ትንሽ ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ በታጨደ ፊላ የምታገኙት 10 ኪሎ ናይትሮጅን ቢሆን ነው። የቀረው ወደ አየር ሄዷል። ረግረጉ ጣናን ይጠቅማል፤ ለኪሳችሁ ግን ብዙም አይመልስም።

ኪሳችሁን የሚጠቅመው ያ ኩንታል ከማሳው እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ዩሪያን በአንድ ጊዜ አትበትኑ። ስንዴው ሲዘራ ጥቂት፣ የቀረውን ቅርንጫፍ ሲያወጣ ስጡት። ሽንኩርት ሥሩ አብዛኛው ከላይ 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ በታች የወረደ ናይትሬት ለሽንኩርቱ ጠፍቷል። ስለዚህ ለሽንኩርት በትንሽ በትንሹ ሦስት ጊዜ ክፈሉት። ዩሪያውን አፈር አልብሱት፤ ላይ ላዩን ከቀረ በጋዝ መልክ ይበናል። ከሰጣችሁ በኋላ ባለው መስኖ ውሃው የፈሩ ጫፍ ሲደርስ ዝጉት። ተራችን ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ መልቀቅ ማዳበሪያን በቦይ መሸኘት ነው። ሌላው አፈሩ ነው። የሜጫ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል። አሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሥሩን ያደነዝዘዋል። ሥሩ ካጠረ የሰጣችሁትን ዩሪያ አይደርስበትም። ዩሪያው ራሱም አፈሩን ይበልጥ አሲዳማ ያደርገዋል። አፈራችሁን አስመርምሩ፤ ኖራ ካስፈለገው ኖራ ከተጨማሪ ዩሪያ ይቀድማል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። ከቦዩ ግርጌ፣ ወንዙ ዳር የቀረ የተፈጥሮ ረግረግ ካለ አትንኩት። አትቆፍሩት፣ አታጠንፍፉት፣ ባሕር ዛፍ አትትከሉበት። የዘመናት ጭቃና ሥር ያለው ረግረግ ገና ከመጀመሪያው ቀን ይሠራል፤ እናንተ የምትሠሩት ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። የቦያችሁን ውሃ ወደ እሱ በርጋታ ማሳለፍ ከተቻለ መቆፈር ላያስፈልጋችሁም ይችላል።

ምክሬ ይኸው ነው። በዚህ በጋ አትቆፍሩ፤ ለኩ። የናይትሬት መለኪያ ስትሪፕ ግዙ፤ ጫፉ ነጭ ነው፣ ውሃ ነክሮ ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ናይትሬቱ መጠን ከሐመር ሮዝ እስከ ወይን ጠጅ ይሆናል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እዩ። ብዙዎቹ የሚያሳዩት ናይትሬትን ነው፤ ናይትሮጅኑን ለማግኘት ለ4.4 አካፍሉት። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ጠዋት፣ ዩሪያ በሰጣችሁ ሳምንት ደግሞ ሁለት ጠዋት፣ ጀሪካኑንም ስትሪፑንም ይዛችሁ ቦዩ ጫፍ ውረዱ። እስከ የካቲት መጨረሻ ደብተር ላይ ጻፉት። ናይትሮጅኑ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ3 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ረግረጉ ቢቀር ይሻላል፤ ጉልበታችሁን ዩሪያውን ከፋፍሎ በመስጠትና በእርከኑ ላይ አውሉት። ከ5 በላይ ከቆየ፣ ሁለቱን ክፍል ግንቦት ላይ ቆፍሩና ሰኔ መግቢያ ላይ ፊላውን ትከሉ። ከተከላችሁ በኋላ መግቢያውን ሰኞ ከለካችሁ መውጫውን ሐሙስ ለኩ፤ ሐሙስ የሚወጣው ሰኞ የገባው ውሃ ነው።